ሁለት እጅ የሚያሳይ ስልክ

የስደት ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ሁሉ ከሌሊት ይጀምራሉ፤ ውሻ ሲጮህ፣ ደላላ በር ሲያንኳኳ። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ መንደሩ ሁሉ እያየኝ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ፣ ኳየሮቹ ዘመሩ፣ እናቴ ከመሐላቸው ቆማ የሰዉን አፍ ታያለች። እናቴ አትሰማም፣ አትናገርም። ሕፃን ሳለች የያዛት ትኩሳት ጆሮዋን ይዞት ሄደ። ጆሮዋ እኔ ነበርኩ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩትም ለዚሁ ነው፤ ገበያ ስትወጣ የሚያታልላት ስለበዛ አብሬያት እንድሄድ። እናም ያን ቀን ለእኔ የተጸለየውን ጸሎት በእጄ የተረጎምኩላት እኔው ራሴ ነበርኩ። እነሱ "ጌታ በሰላም ያድርሳት" ሲሉ እኔ "በሰላም ያድርሰኝ" እላታለሁ።

የእጅ ቋንቋችን ትምህርት ቤት የሚሰጠው ዓይነት አይደለም። የእኔና የእሷ ነው፤ ታናሽ ወንድሜ ታምራት ግማሹን ያውቀዋል። እናቴ የጆሮዋን ጫፍ ሳብ ካደረገች እኔን ጠራች ማለት ነው። ሁለት ጣት አገጭ ላይ ታምራት ነው። ሦስት ጣት ከላይ ወደ ታች ዝናብ ነው። ሁለት እጅ አንጓ ላይ ከተጠላለፈ እስር ቤት ነው፤ አጎቴ ኤርሱሞ በድንበር ጠብ ታስሮ ሳለ ያወጣነው ነው። ያኔ እኔና እናቴ ሆሳዕና ድረስ እየሄድን ቆጮ በብረቱ መሐል እናቀብለው ነበር። የእኛ ንግግር አብዛኛው ሁለት እጅ ይፈልጋል።

ሚኒባሱ ሲነሳ በመስኮት መነጋገር ጀመርን። ብርድ ልብሱን አትጣዪ አለችኝ፤ ሰው ሁሉ ሰው አይደለም አለችኝ። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ሁለት እጆቿን ከፍ አድርጋ አንድ ነገር ጀመረች፤ ሳትጨርሰው ባሕር ዛፉ ጋረዳት። ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺ ያላለቀች ንግግር ዓይኔ ላይ ነበረች።

ስለ መንገዱ ብዙ አልልም፤ ሌሎች ብዙ ብለውታል። ኬንያን ከተሻገርን በኋላ ደላላው ስልካችንን በማዳበሪያ ከረጢት ሰበሰበው፤ ብርሃኑ ያስይዘናል ብሎ። "ስትደርሱ ትወስዳላችሁ" አለ። የእኔ ስልክ ውስጥ እናቴ ጎመን እየቀነጠሰች ስትስቅ የቀረጽኳት አጭር ቪዲዮ ነበረች። ከረጢቱን ዳግመኛ አላየሁትም። ደላላውን ግን ዛሬም በመንገድ ባገኘው አውቀዋለሁ፤ እንዳላገኘውም እጸልያለሁ፤ ምን እንደማደርገው አላውቅምና።

ከባሌ ከማርቆስ ጋር የተጫጨነው በስልክ ነው። የእኛ አገር ልጆች ታውቁታላችሁ፤ ወንዱ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ይከፍታል፣ ፎቶ ይልካል፣ ሽማግሌ ይመጣል። በፎቶው ላይ የማርቆስ ፊት እንደ ተላጠ እንቁላል ለስላሳ ነበር። ጆሃንስበርግ ስደርስ ግንባሩ የሸሸ፣ ዓይኑ ሥር የተሸበሸበ ሰውዬ መጥቶ "ታደለች?" አለኝ። እኔ ደግሞ የፎቶውን ልጅ ፍለጋ ከኋላው አየሁ። በኋላ ፈራ ተባ እያልኩ ስጠይቀው፣ "ስልኩ እኮ ነው! በራሱ ያሳምራል። እኔ ምን ላድርግ?" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚያሳምር ስልክ ጠላቴ ነው።

ያለነው ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ዳቬይተን የሚባል ሰፈር ነው፤ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ አለን። ሱቁ የአንድ ቤት ጋራዥ ነበር፤ ጨለማ ነው፣ መብራትም በየጊዜው ይጠፋል፤ የምንተኛውም ከዱቄቱ ጀርባ ነው። የምንሸጠው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆነን ነው። እጅ የምታስገባ አንድ ቀዳዳ አለች፤ ዳቦ በእሷ ይወጣል፣ ሳንቲም በእሷ ይገባል። መጀመሪያ ሰሞን ብረቱን ሳይ ይጨንቀኝ ነበር፤ በኋላ ዓይኔ ማየቱን ተወ። ክረምታቸው ዝናብ የለውም፤ ደረቅ ብርድ ነው፣ ከንፈር ይሰነጥቃል። ፓፕ የሚሉት ምግባቸው ገንፎ ይመስላል፤ ቅቤ የለው፣ በርበሬ የለው፣ የታመመ ሰው ገንፎ። ሰላምታቸው ግን ደስ ይላል፤ "ሳውቦና" ብለው መልስ ይጠብቃሉ። ችግሩ ከሰላምታው በኋላ ያለው ነው። እዚህ እኛ መጤዎቹ ሁላችንም ስማችን "ማይፍሬንድ" ነው፤ ወዳጄ ማለት ነው። አንዷ ጎረቤታችን በየጠዋቱ እንዲህ ትለኛለች፦

"ማይፍሬንድ፣ አገርሽ የምትሄጂው መቼ ነው?"

"አላውቅም፣ ማማ።"

"ሂጂ፣ ሂጂ! ግን መጀመሪያ ሁለት ዳቦ ስጪኝ። ትኩሱን!"

እኔ ዓይን አፋር ነኝ። መልሱ የሚመጣልኝ ሰውየው ሄዶ ከሰዓታት በኋላ ነው። ስለዚህ በቀን ውስጥ የዋጥኩት መልስ ሁሉ ሆዴ ውስጥ ይከማቻል።

ሁለት ዓመት ስለ እናቴ የሰማሁት በታምራት አፍ ብቻ ነው፤ የነበረኝ ስልክ ባለ ቁልፍ፣ ድምፅ ብቻ ነዋ። "እማዬስ?" ስለው፣ "ሰላም ናት። ሰላም በላት ትላለች" ይለኛል። ሌላ ቀንም ያው። በእጇ ግማሽ ቀን ስለ አንዲት ዶሮ ማውራት የምትችል ሴት፣ ለልጇ የምትለው "ሰላም በላት" ብቻ ሆነ። ከዚያ ታምራት ለሞተር ሥራው ብሎ ቪዲዮ ያለው ስልክ ገዛ። አሁን የጎደለው የእኔ ብቻ ነበር። ለማርቆስ ነገርኩት።

"ከማን ጋር ልታወሪ ነው?"

"ከእናቴ።"

"እናትሽ አትሰማም።"

"እኔም አላወራም።"

ይህን ተወው። ከዚያ ሌላ ምክንያት አመጣ። ጥሩ ስልክ ሌባ ይጠራል አለ። እውነቱን ነው። በየስፓዛው "የሌባ ስልክ" የሚባል አለ፤ ከሳንቲሙ መሳቢያ አጠገብ የሚቀመጥ ርካሽ ስልክ። ሌባ ሽጉጥ ይዞ ሲገባ ቶሎ አንስተህ ትሰጠዋለህ፤ ባዶ እጁን ከተመለሰ ይናደዳል፣ ተናደደ ማለት ይተኩሳል ማለት ነው። እኛ ለሌባ ስልክ ገዝተን እናስቀምጣለን፤ ለእኔ ግን አልተገዛም። ይህንን እንኳ ድምፄን አውጥቼ አልተናገርኩም። በመጨረሻ ማርቆስ፣ "በራስሽ ገንዘብ ከሆነ፣ ሌባ የማይመኘው ከሆነ ግዢ" አለኝ። ገንዘብ ነበረኝ፤ ጠዋት ጠዋት አማግዊኛ እጠብሳለሁ፣ እንደ ቦምቦሊኖ ያለ ነው፣ የትምህርት ቤት ልጆች ይሻሙበታል። ያ የእኔ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ቤኖኒ ያለ ትልቅ ሞል ውስጥ ነው። አዲስ ስልኮች በሽቦ ታስረው ተደርድረዋል፣ እንደ ገበያ በግ። ጥፍሯ እንደ ማንኪያ የረዘመ ልጅ መጣች።

"ፔይስሊፕ? የደሞዝ ወረቀት?"

"የለኝም።"

"ባንክ ስቴትመንት?"

"የለኝም።"

"አይዲ?"

የጥገኝነት ፔፐሬን አወጣሁ። እንደ ሕፃን ጨርቅ በሁለት ጣት ያዘችው። "ሲስተሙ ይሄን አይበላም" አለች።

"ሲስተሙ ለምን ይበላዋል? በካሽ ነው የምገዛው።"

"ካሽ?" ብላ ወደ ጥበቃው አየች። ካሽ ማለት እዚህ ቦታ የስድብ ያህል ነው።

እሷ ከጥበቃው ጋር ስታወራ እኔ አንዱን የታሰረ ስልክ ወደ ራሴ አዙሬ መሞከር ጀመርኩ። ሁለት ጣት አገጭ ላይ። ሦስት ጣት ወደ ታች። "እማዬ፣ ዝናብ ዘንቧል ወይ?" እያልኩ ነው። ጥበቃው ከኋላዬ መጣ።

"ሲሲ፣ ምን እየሠራሽ ነው?" አለኝ፤ እህቴ ማለቱ ነው።

"እያወራሁ።"

"ከማን ጋር?"

"ከእናቴ።"

ጎንበስ ብሎ ስልኩን አየ። ውስጡ እኔና እሱ ብቻ ነን።

"እናትሽ የት አለች?"

"ኢትዮጵያ።"

"ወደ ውጪ፣ ሲሲ" አለኝ፤ ክንዴን ይዞ፣ እንደ በሽተኛ በቀስታ። በቀስታው ነው ይበልጥ የተናደድኩት። ስልክ ልትገዙ የምትፈልጉ እህቶቼ፣ ከዚያ ቀን አንድ ነገር ይዤላችሁ ወጥቻለሁ፤ በሞል መብራት ሥር መጥፎ ስልክ የለም። የሙሽራ መልክ በሠርጓ ቀን አይታወቅም እንደሚባለው ነው። ኑሯችሁ ጨለማ ከሆነ፣ ስልኩን በጨለማ ሞክሩት።

ቀጥሎ በታክሲ ከተማ፣ ጄፔ ወረድኩ፣ የአበሻ ሱቅ ወደ ሞላበት ፎቅ። የአገሬ ሰው ይሻለኛል ብዬ። ሻጩ ሱራፌል የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ አፉ ማር።

"እህቴ፣ ዝም ብለሽ ውሰጂ! ዱባይ ሁለት ወር ብቻ ያገለገለ ነው። ከጀርባው ያለውን ምልክት እዪው እስቲ።"

"ምልክቱ ከጀርባ ከሆነ እናቴ አታየውም።"

"ከየት ነሽ አንቺ?"

"ከሆሳዕና በታች።"

"ገባኝ። አማርኛሽ ራሱ ማሳመሪያ ይፈልጋል እኮ!" አለ፤ አጠገቡ የተቀመጡት ጓደኞቹ ሳቁ። ፊቴ ጋለ። ሆኖም ለእናቴ ነው ብዬ፣ "መብራቱን አጥፋልኝ" አልኩት።

"ምን?"

"መብራቱን። በጨለማ ልሞክረው ነው።"

ከዚያ በኋላ የሳቁትን ሳቅ አልጽፈውም። መብራቱን አላጠፋም። እኔም ስልኩን ይዤ ከመደርደሪያው ሥር ቁጢጥ አልኩ፤ ነጠላዬን ተከናንቤ። ፊቴ በዱቄት የተነከረ መሰለ፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ የሌላ ሰው። ጣቶቼን ሳንቀሳቅስ ደግሞ እንደ ቅቤ ቀለጡ። ሁለት ይሁኑ ሦስት አይለዩም። ታምራት ይሁን ዝናብ አይታወቅም።

"ማሳመሪያውን አጥፋው" አልኩት ከታች።

"ለምን ይጠፋል? ቆንጆ አድርጎሻል እኮ!"

"እናቴ አታውቀኝም።"

ያኔ ማሩ አለቀ። ስልኩን ከእጄ ነጥቆ፣ "ስሚ እህቴ፣ ደሃ ስልክ አይመርጥም። ደሃ የሚመርጠው ዋጋ ነው" አለኝ። መልሱ የመጣልኝ እንደ ልማዴ ታክሲ ውስጥ ነው። የሚመርጥማ ደሃ ነው። ሀብታም ቢሳሳት ሌላ ይገዛል፤ እኔ ከተሳሳትኩ ሁለት ዓመት የጠበስኩት አማግዊኛ አብሮ ይሄዳል፣ እናቴም ትሄዳለች። ሱራፌል፣ ይህን ካነበብክ መልሱ ይኸው።

ከሱቃችን ፊት ለፊት፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ጠረጴዛ ዘርግተው ስልክ የሚጠግኑ ሽማግሌ አሉ፤ ባባ ዱማ ይባላሉ። ባለቤታቸው ድሮ ስፓዛ ነበራቸው፤ እኛ ስንመጣ ተዘጋ። በየቀኑ አንድ ፍሬ ሲጋራ ከእኔ ይገዛሉ፣ በየቀኑም "ሱቃችንን በላችሁት" ይሉኛል። እሳቸው ጋ ለመሄድ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። መንገዱ ሃያ እርምጃ ነው።

"ማይፍሬንድ! ምን ልትበዪ መጣሽ ደግሞ?"

"ስልክ ልገዛ ነው፣ ባባ።"

"ለምን ከወገኖችሽ አትገዢም?"

"ያታልሉኛል።"

"እኔስ?"

"እርስዎ ይጠሉኛል፣ ባባ። የሚጠላ ሰው አያቆላምጥም።"

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም፤ በሕይወቴ መልስ በሰዓቱ የመጣልኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ባባ ዱማ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ወፍራም ጥቁር ስልክ አወጡ። ጥጉ ተሸርፏል፣ ጀርባው በፕላስተር ተጠቅልሏል።

"ይሄ ከጣሪያ ወድቋል። ዝናብ ጠጥቷል። የባለቤቱ ሚስት ግድግዳ ላይ ወርውራዋለች። አልሞተም። ባትሪው ሁለት ቀን ይሄዳል፣ መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም።"

"ያሳምራል?"

"ይሄ?" ሳቃቸው ሳል ሆነ። "ይሄ የሚያስቀይም ነው።"

ይዤው ጥላው ጨለም ወዳለበት ሄድኩና እጆቼን አነሳሁ። ሁለት ጣት፣ ሁለት። ሦስት ጣት፣ ሦስት። የፊተኛው ካሜራ ዓይኑ ሰፊ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ደገፍ አድርጌው ራቅ ስል እጄ ሁለቱም፣ ክርኔ ሳይቀር ገባ። ዓይኔ ሥር ያለው ጥቁረት፣ ዘይት የፈናጠረበት ጉንጬ፣ ሁሉም ነበር። ከቤት ከወጣሁ ወዲህ ራሴን በትክክል ያየሁት ያኔ ነው።

"ያ የእጅ ነገር ምንድን ነው?" አሉኝ።

"እናቴ አትሰማም፣ ባባ።"

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ዋጋውን ነገሩኝ፤ ቀንሱልኝ አልኳቸው። "ለአንቺ አንድ ራንድ አልቀንስም። ሱቄን በልታችኋል" አሉና ቻርጀር ወረወሩልኝ። "ይሄ የእናትሽ ነው። በነጻ።" በማግስቱ ሲጋራቸውን ሊገዙ መጥተው እንደ ወትሮው ሰደቡኝ።

ማርቆስ ስልኩን አገላብጦ አይቶ በደስታ ሳቀ። "ይሄንንስ ሌባም ይመልስልሻል" አለ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ሰፈሩ ኳስ ሊያይ ቤቱ ሲገባ፣ ገበያው ጭር አለ። ስልኩን የዘይት ጀሪካን ላይ ደገፍኩት፣ መሬት ላይ በርጩማ አድርጌ ተቀመጥኩ፣ ነጠላዬን አስተካከልኩ። ማርቆስ ከኋላ ዱቄት እየደረደረ ነው። ታምራት አነሳው። ከዚያ እናቴ መጣች።

መጀመሪያ የስልኩን ጀርባ አየች፤ እኔን ፍለጋ። ታምራት እየሳቀ መለሳት። ፀጉሯ ከፊት ሸብቷል፤ ይህን ማንም አልነገረኝም። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ሲያርፍ የጆሮዋን ጫፍ ሳብ አደረገች። እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ያልተጠራ ስሜ። አለቀስኩ፣ እሷ አላለቀሰችም፤ እጇን ዘርግታ ጉንጬ ላይ ያለውን የዘይት ጠባሳ በመስታወቱ ላይ ዳሰሰችው።

"ያን ቀን መታጠፊያው ላይ ምን ልትይኝ ነበር?" ልላት እጄን አነሳሁ። እሷ ግን እጄን አታይም። ዓይኗ ከትከሻዬ በላይ ሄዷል። በዚያው ሰዓት ከኋላዬ፣ "ማይፍሬንድ! አንድ ዳቦ!" የሚል ድምፅ መጣ፤ ዞር ስል ክንድ በብረቱ ቀዳዳ ገብቶ ሳንቲም ይዞ ይወዛወዛል። ማርቆስ መጥቶ ዳቦውን በብረቱ መሐል አቀበለው።

ዘወር ስል እናቴ ሁለት እጆቿን አንጓ ላይ አጠላልፋለች።

ጣቱን፣ ብርሃኑን፣ ባትሪውን፣ ማሳመሪያውን ስሞክር ሰንብቻለሁ። ሁለት እጄ እንዲገባ ብዬ ሰፊውን መረጥኩ። ከእጄ ኋላ ምን አብሮ እንደሚገባ ግን አንድ ቀን እንኳ ዞሬ አላየሁም።

"ምን አለች?" አለኝ ማርቆስ፣ ዱቄቱን ከእጁ እያራገፈ።

በሕይወቴ የእናቴን እጅ አጣምሜ ተርጉሜ አላውቅም። በገበያ የሰደቧትን ስድብ እንኳ ሳልቀንስ እነግራት ነበር።

"ሰላም በያቸው አለች" አልኩት።

አፌ ይህን ሲል፣ ታምራት ሁለት ዓመት ሙሉ "ሰላም በላት ትላለች" ሲለኝ ጭንቀቷን ይደብቀኝ እንደነበር ገባኝ።

"ገበያ ነው" አልኳት፣ እጄን በሰፊው ዘርግቼ። ገበያ የምንለው እንደዚያ ነው፤ የእኛ ገበያ ሜዳ ነውና። የዘረጋሁትን እጄን አየች፣ ብረቱን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች። "ሌባ ከውጭ ነው፣ እኔ ከውስጥ ነኝ" ለማለት ሞከርኩ፤ እጄ ላይ እንዴት እንደሚመጣ ልትገምቱ ትችላላችሁ። የባሰ ሆነ። ጀሪካኑን ከነስልኩ ወደ ሳሙናው መደርደሪያ አዞርኩት፤ ሰፊው ዓይን የፍርግርጉን ጫፍ ይዞት መጣ። መብራት እንዲጠፋ ተመኘሁ፤ ያን ቀን አልጠፋም። ቢጠፋስ? ባትሪው ዘጠና ከመቶ ነበር። ባባ ዱማ አልዋሹኝም።

እናቴ እጇን አላወረደችም። የተጠላለፉትን አንጓዎቿን ወደ ስልኩ ጠጋ አድርጋ፣ መልሴን ትጠብቃለች።